ሴሊያክና የሚጥል በሽታ፦ ስንዴውን ከማስቀረትዎ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። የጻፉት የ11 ዓመት ሴት ልጅ ያለቻቸው እናት ሲሆኑ፣ ፍሬ ነገሩ የሚከተለው ነው፦ «ልጄ ከ9 ዓመቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ካርባማዜፒን ትወስዳለች፤ ቀነሰላት እንጂ አልተዋትም። ሊጥላት ሲል ቀለም ያለው ብርሃን ይታየኛል ትላለች፤ ከተነሣች በኋላ ራሷን ያማታል፣ ያስመልሳታል። ሆዷ ይነፋል፣ ተቅማጥም ይመላለስባታል። ደም ማነስ አለባት ተብሎ የብረት ኪኒን ብትወስድም አልተሻላትም፤ ቁመቷም ከእኩዮቿ ቀርቷል። ውጭ አገር ያለችው እኅቴ የራሷ ልጅ ሴሊያክ እንዳለበት ከታወቀ ወዲህ፣ ‹ስንዴ አቁሚላት፤ የሚጥላትም ይተዋታል፣ መድኃኒቱም አያስፈልጋትም› ትለኛለች። እውነት ነው? እኛ እኮ የምንበላው እንጀራ ነው።»

እኅትዎ ከነገሩዎት ውስጥ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ግን ልጅዎን ለአደጋ ሊያጋልጣት የሚችል ነው። በሴሊያክና በሚጥል በሽታ መካከል ግንኙነት መኖሩ በጥናት የተረጋገጠ ነው፤ እርስዎ የዘረዘሯቸው ምልክቶችም ተደምረው ሲታዩ ሐኪም ሊመረምራቸው የሚገቡ ናቸው። ይሁን እንጂ ምርመራው ሳይደረግ ስንዴውን ማስቀረት የበሽታውን ዱካ ያጠፋል፤ መድኃኒቱን ማቋረጥ ደግሞ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፤ ምክንያቱን በዝርዝር አስረዳለሁ።

ሴሊያክ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በራሱ ሰውነት ላይ የሚነሣበት ሕመም ነው። ቀስቃሹ በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው የውጭ እህል ውስጥ የሚገኘው ግሉተን የተሰኘ ፕሮቲን ነው። ሕመሙ የሚይዘው በዘር የወረዱ የተወሰኑ ምልክቶችን የያዙ ሰዎችን ሲሆን፣ በዓለም ደረጃ ከ100 ሰው አንድ ያህሉን እንደሚያገኝ ይገመታል። በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ እንደ በርኖስ ጠጉር ጥቅጥቅ ብለው የቆሙ፣ በዓይን የማይታዩ ጣት መሰል ቅጥያዎች አሉ፤ ከምግብ የሚገኘውን ብረት፣ ካልሲየም፣ ፎሌትና ሌሎች ቫይታሚኖችን ወደ ደም የሚያስገቡት እነዚህ ናቸው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን በበላ ቁጥር መከላከያው ይቆጣና እነዚህ ቅጥያዎች ይኮማተራሉ፣ በመጨረሻም ይረግፋሉ። ልጁ እየበላ የሚከሳው፣ ደም ማነሱም በብረት ኪኒን የማይስተካከለው በዚህ ምክንያት ነው። ተቅማጥ የሌለባቸው፣ ሆዳቸውም ጨርሶ የማይታመም ሕሙማን መኖራቸውን ግን ልብ ይሏል፤ በእነርሱ ላይ ሕመሙ በደም ማነስ፣ በአጥንት መሳሳት ወይም በነርቭ ችግር ብቻ ሊገለጥ ይችላል።

የአንጀት ሕመም ከአንጎል ጋር ምን አገናኘው ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ የተጀመረው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኩክና ስሚዝ የተባሉ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ሴሊያክ ያለባቸውና የነርቭ መታወክ የደረሰባቸው 16 ጎልማሶችን ታሪክ አሳትመዋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ በሼፊልድ ከተማ የሚሠሩት ማሪዮስ ሃጂቫሲሊዩና ባልደረቦቻቸው ግሉተን ሚዛን የሚጠብቀውን የኋለኛውን ትንሹን አንጎል ሊጎዳና አካሄድን ሊያናጋ እንደሚችል አሳይተዋል። የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ ብርቱ የራስ ምታትና የአካሄድ መናጋት ዛሬ ከሴሊያክ ጋር ተያይዘው ከሚታወቁት የነርቭ ችግሮች ውስጥ ናቸው፤ የእርስዎ ጥያቄ ግን ስለሚጥል በሽታ ስለሆነ በእርሱ ላይ እቆያለሁ።

ጉዳቱ ወደ አንጎል የሚደርስባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። አንደኛው በመከላከያው ሥርዓት በኩል የሚመጣው ነው፤ በግሉተን ምክንያት የሚፈጠሩት አንቲቦዲዎች፣ ማለትም መከላከያው ለማጥቃት የሚያመነጫቸው ፕሮቲኖች፣ በአንጀት ላይ ብቻ አይቆሙም፣ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የሚገኝ ተመሳሳይ ኢንዛይምንም ሊያጠቁ ይችላሉ። ሌላው መንገድ የንጥረ ነገር እጥረት ነው። የፎሌት፣ የቫይታሚን ቢ12ና የቢ6 መጓደል የነርቭን ሥራ ያውካል። ከሁሉ በላይ ግን ወላጆችም የጤና ባለሙያዎችም እንዳይዘነጉት የምለምነው የካልሲየምንና የማግኒዚየምን ጉዳይ ነው፤ እነዚህ ማዕድናት በደም ውስጥ በጣም ሲያንሱ ብቻቸውን የሚጥል ሕመም ያመጣሉ። አንጀቱ የተጎዳ ልጅ ቫይታሚን ዲና ካልሲየም በበቂ አያገኝም። በዚህ ላይ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የተባሉት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ቫይታሚን ዲ በጉበት ውስጥ ቶሎ እንዲሰባበር ያደርጋሉ፤ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል ፎሌትንም ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሕክምና ላይ ያለ ልጅ እጥረቱ ከሁለት ወገን ሊመጣበት ይችላል። የካልሲየም ምርመራ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ጊዜ ሳይታዘዝ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

ሦስተኛው ከልጅዎ ታሪክ ጋር የሚቀራረበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ጎቢ የተባሉት ጣሊያናዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ሴሊያክ፣ የሚጥል በሽታና በአንጎል ውስጥ የካልሲየም መከማቸት አንድ ላይ የሚገኙባቸውን ሕሙማን ገለጹ። ክምችቱ በአብዛኛው የሚታየው በአንጎል የኋላ ክፍል፣ በግራና በቀኝ ነው፤ ይህ ክፍል የእይታ ማዕከል ስለሆነ ሕመሙ ሲነሣ ቀለም ያላቸው መብራቶች መታየት፣ ዓይን ለጥቂት ጊዜ መጨለም፣ ከዚያም ራስ ምታትና ማስታወክ ይከተላሉ። ሁኔታው እጅግ ብርቅ ነው፤ የተመዘገቡት ሕሙማንም በብዛት ከጣሊያን፣ ከስፔንና ከአርጀንቲና ናቸው። ክምችቱ ለምን እንደሚፈጠር ገና ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፤ የፎሌት እጥረት ድርሻ እንዳለው የሚያስቡ ተመራማሪዎች አሉ።

ብርቅነቱን አጥብቄ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። በስዊድን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ትልቅ ጥናት 28,885 ሴሊያክ ያለባቸው ሰዎች ተከታትለው፣ የሚጥል በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሕዝብ 1.42 ጊዜ ያህል ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ይህ በቁጥር ሲተረጎም ሴሊያክ ካለባቸው 100,000 ሰዎች መካከል በዓመት 92 ያህሉ የሚጥል በሽታ ሲይዛቸው፣ ከእነዚህ ውስጥ ከሴሊያክ ጋር ተያይዞ የመጣ ጭማሪ ነው ሊባል የሚችለው 27 ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። በእኛ አካባቢ ደግሞ ለሚጥል በሽታ ይበልጥ የሚታወቁት ምክንያቶች ሌሎች ናቸው፦ በምጥ ጊዜ የሕፃኑ መታፈን፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ በመተማና በሁመራ ቆላ ደግሞ አንጎልን የሚያጠቃ ወባ። በመሆኑም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ሴሊያክ ይመርመር አልልም። በመድኃኒት ያልተገታ፣ ከኋለኛው የአንጎል ክፍል የሚነሣ የሚመስል፣ ከተቅማጥ፣ ከደም ማነስና ከዕድገት መዘግየት ጋር የመጣ ሲሆን ግን መመርመር አለበት። ልጅዎ እነዚህን ሁሉ አሟልታለች፤ የአክስቷ ልጅ ሴሊያክ ያለበት መሆኑም ጥርጣሬውን ያጠነክረዋል። እርግጥ ነው፣ የሚታያት ብርሃን በልጅነት ከሚመጡ ሌሎች የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ወይም ከማይግሬን ጋርም የሚገኝ ስለሆነ፣ ጥርጣሬን ከውሳኔ መለየት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምርመራው ልመለስ። ዋናው የደም ምርመራ ቲሹ ትራንስግሉታሚኔዝ በተባለው ኢንዛይም ላይ የሚነሣውን የአይጂኤ ዓይነት አንቲቦዲ የሚለካው ነው። ከእርሱ ጋር የአይጂኤ ጠቅላላ መጠን መለካት አለበት፤ ምክንያቱም አይጂኤ በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ሰዎች አሉ፣ በእነርሱም ላይ ምርመራው በሐሰት «የለም» ይላል። ውጤቱ ከፍ ያለ ከሆነ የአንጀት ሐኪም በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት ናሙና ወስዶ ያረጋግጣል፤ በሕፃናት ላይ አንቲቦዲው ከመደበኛው ወሰን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆንና ሌላ ተጨማሪ የደም ምርመራም ሲደግፈው ያለ ናሙና መወሰን እንደሚቻል የአውሮፓ የሕፃናት አንጀት ሐኪሞች መመሪያ ይፈቅዳል። ምርመራው በከተማችን የማይገኝበት ጊዜ ቢያጋጥምዎ ልጅቱን ይዘው ከመንከራተትዎ በፊት፣ የደሙ ናሙና ብቻ ወደ አዲስ አበባ ሊላክ ይችል እንደሆነ ሐኪሟን ይጠይቁ።

«እኛ የምንበላው እንጀራ ነው» ያሉት ነገር ከሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ዳጉሳ፣ ማሽላ፣ በቆሎና ሩዝም እንዲሁ። አንቲቦዲው የሚፈጠረውና የአንጀቱ ቁስለትም የሚታየው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሲሆን ነው። ስለዚህ በነጭ ጤፍ እንጀራ የምታድግና ዳቦ አልፎ አልፎ ብቻ የምትቀምስ ልጅ ሕመሙ ቢኖርባትም ምርመራው ላያገኘው ይችላል፤ አሁን ስንዴውን ጨርሰው ካስቀሩባት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ልጅዎ በየቀኑ ዳቦ፣ ቅንጬ፣ በሶ ወይም የገብስ ቅልቅል እንጀራ የምትበላ ከሆነ አመጋገቧን ሳይለውጡ አሁኑኑ ይመርመሩ። የማትበላ ከሆነ በሐኪም ክትትል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ድረስ በየቀኑ ሁለት ቁራሽ ያህል የስንዴ ዳቦ እየበላች ከቆየች በኋላ ደሟ ይወሰድ። በዚህ ጊዜ ተቅማጡ ከበረታ ወይም የሚጥላት ከተደጋገመ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመልሷት።

ከዚሁ ጎን ለጎን የሰገራ ምርመራ አይቅር። ጃርዲያ በአካባቢያችን የተስፋፋ ከመሆኑም በላይ የሆድ መነፋትን፣ ተቅማጥንና የንጥረ ነገር እጥረትን ያመጣል፤ የአንጀት ቲቢና ኤችአይቪም እንዲሁ። እነዚህ የአንጀቱን ቅጥያዎች ሊያሳጥሯቸው ስለሚችሉ፣ የአንጀት ናሙናው ውጤት ያለ ደሙ ምርመራ ብቻውን ሴሊያክን አያረጋግጥም። ሙሉ የደም ቆጠራ፣ የካልሲየም፣ የማግኒዚየም፣ ከተቻለም የፎሌትና የቢ12 መጠን ይታዘዝላት። የገንዘብ አቅም የሚገድብዎ ከሆነ ከካልሲየሙ፣ ከደም ቆጠራውና ከሰገራው እንዲጀምሩ እመክራለሁ፤ የሚገኘው ጉድለት ወዲያውኑ የሚታከም ነውና። የአንጎል ምስልን በተመለከተ፣ የካልሲየም ክምችት ከኤምአርአይ ይልቅ በሲቲ ስካን ጎልቶ ይታያል። ክምችት ቢገኝም በአገራችን ከሴሊያክ አስቀድሞ የሚታሰቡት የአንጎል ቲቢና ከልደት በፊት የሚይዙ ኢንፌክሽኖች ስለሆኑ፣ ምስሉን ብቻ አይቶ የሚሰጥ ውሳኔ አይኑር።

መድኃኒቱን አያቋርጡ። ካርባማዜፒንም ሆነ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም የሚጥለው ሕመም ያለ ፋታ ሊደጋገምና አንጎልን እስከ መጉዳት፣ ሕይወትንም እስከ ማሳጣት ሊደርስ ይችላል። ሴሊያክ ተረጋግጦ አመጋገቧ ተስተካክሎ እንኳን መድኃኒቱን የመቀነስ ጉዳይ የሚነሣው ሳይጥላት ረጅም ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት ያህል ከቆየች በኋላ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ በሐኪም እጅ የሚደረግ ነው። ፀበል የምትጠመቅ ከሆነም መድኃኒቷን እየወሰደች ትጠመቅ፤ ብዙ አባቶች ሁለቱ አይጣሉም ብለው ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ፣ እኔም ከልቤ እስማማለሁ። ውኃ ውስጥና ጥልቀት ባለው ቦታ ግን ብቻዋን እንዳትሆን። ሲጥላት በጎኗ ያስተኟት፣ አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ፣ ክብሪት ለኩሰው አያሽትቷት፤ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወደ ሆስፒታል ይውሰዷት።

ሴሊያክ መኖሩ ከተረጋገጠ ሕክምናው ግሉተንን ለዕድሜ ልክ ሙሉ በሙሉ መተው ነው፤ መቀነስ አይበቃም። በቀን 50 ሚሊግራም ግሉተን፣ ማለትም የዳቦ ፍርፋሪ የሚያክል ነገር፣ አንጀቱን ማቁሰሉን እንደሚቀጥል በጥናት ታይቷል። የጎንደር ማዕድ ለዚህ ሕመም ከብዙ አገሮች የተሻለ ነው። ከደንቢያ የሚመጣው ጤፍ፣ ዳጉሳና ሽምብራ፣ የፎገራ ሩዝ፣ ምስሩ፣ ባቄላው፣ ድንቹ፣ ሥጋው፣ እንቁላሉና ወተቱ በሙሉ ይበላሉ፤ በሌላው ዓለም በውድ የሚሸጥ ግሉተን አልባ ዳቦ መፈለግ አያስፈልግዎትም። ችግሩ ያለው በመንገዱ ላይ ነው። ጤፍ ሲወደድ እንጀራው በገብስ ወይም በስንዴ ዱቄት ይደባለቃል፤ ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ምን እንደተደባለቀበት አይታወቅም። ንጹሕ ጤፍ ገዝተው ቢያስፈጩም ወፍጮው ቀድሞ ከዳባት ወይም ከደባርቅ የመጣ ገብስ ፈጭቶ ከሆነ ዱቄቱ ይቀላቀላል። ስለዚህ ጤፍ ብቻ የሚፈጭ ወፍጮ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ከባለ ወፍጮው ጋር ተነጋግረው ተጠርጎ እንዲጀመርልዎ ያድርጉ፣ መጀመሪያ የሚወጣውንም ዱቄት ለሌላው ቤተሰብ ያውሉት። እርሾ ከጎረቤት አይዋሱ፤ የእርሷ ሊጥ የራሱ እርሾ፣ የራሱ ቡሃቃና ወንፊት ይኑረው። ዳቦ የሚጋገርበት ምጣድ ተፈግፍጎ ካልታጠበ እንጀራዋ አይጋገርበት፣ ወይም የእርሷ ይቅደም።

ቆሎው የገብስ ከሆነ ይቅር፤ የሽምብራና የበቆሎ ቆሎ አለ። ገንፎዋ የበቆሎ ወይም የጤፍ ይሁን። ፓስታ፣ ማካሮኒ፣ ብስኩትና ሳምቡሳ አይሆኑም። ጠላ ለልጅ የሚገባ መጠጥ ባይሆንም በቤታችን በበዓል ስለሚቀመስ ልናገር፤ ጠላው የዳጉሳ ቢሆን እንኳ ብቅሉ በአብዛኛው የገብስ ስለሆነ አይሆንም። በገበያ አጃ ተብለው ከሚሸጡት አንዱ ራሱ የስንዴ ዝርያ ነው፣ ሌላውም ከገብስ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገኝ ሁለቱንም ይተዉ። አንድ ነገር ደግሞ በአክብሮት አነሣለሁ፦ ቅዱስ ቁርባን የሚዘጋጀው ከስንዴ ስለሆነ፣ ልጅዎ የምትቆርብ ከሆነ ሕመሟን ለንስሐ አባቷ ያስረዱና እርሳቸውና ሐኪሟ አውቀውት ይወሰን። ቤተሰብ በዚህ ጉዳይ ዝም ብሎ ብቻውን ሲጨነቅ አያለሁና፣ መነጋገሩ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ይጠበቃል? የሆዱ ችግር በሳምንታት ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፤ ክብደቷና ደሟ በወራት ውስጥ ይመለሳሉ፤ አንቲቦዲው እስኪወርድ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 ወር እስከ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የሚጥለውን በተመለከተ ተስፋውን ከልክ በላይ ማግዘፍ አልፈልግም፦ በአንዳንድ ልጆች ይቀንሳል፣ በጥቂቶች ይቆማል፣ በሌሎች ለውጥ አይታይም። ሕመሙ ቶሎ ተገኝቶ አመጋገቡ ቶሎ ሲጀመር ውጤቱ እንደሚሻል የተሰበሰበው ልምድ ያሳያል። አንጎል ውስጥ የተከማቸ ካልሲየም ግን በምግብ አይጠፋም። አንጀቷ ሲድን መድኃኒቱን የመቀበል ኃይሏም ሊለወጥ ስለሚችል፣ ከወትሮው የበለጠ እንቅልፍ፣ መንገዳገድ ወይም የእይታ መደብዘዝ ካዩ መጠኑ እንዲስተካከል ለሐኪሟ ይንገሩ። ታናናሾቿና ታላላቆቿ፣ እርስዎና አባቷም ትመረመራላችሁ፤ የሕመምተኛ ወላጅ፣ ወንድም ወይም እኅት በሆኑ ሰዎች ላይ ሴሊያክ ከ10 አንድ ያህሉን ይይዛል።

ምርመራው በአግባቡ ተደርጎ ሴሊያክ የለም ከተባለ ደግሞ ዳቦዋን አይከልክሏት፤ በማደግ ላይ ያለች ልጅ ያለ ምክንያት ምግብ ሊጎድልባት አይገባም። ያን ጊዜ ሐኪሟን የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው። ካርባማዜፒን የሚሰጠው በክብደት ልክ ነውና፣ በ9 ዓመቷ የታዘዘላት መጠን በ11 ዓመቷ ይበቃት እንደሆነ ይታይ። ኪኒኑ ያመለጣት ቀን መኖሩን፣ በጾም ምክንያት ሰዓቱ የተዛባበትን ጊዜ ሳይደብቁ ይንገሩ። የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን ኢኢጂ ካልተነሣች ትነሣ፤ ካርባማዜፒን የማይስማማቸው፣ እንዲያውም የሚያባብሳቸው የሚጥል በሽታ ዓይነቶች አሉና። ሲጥላት ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በስልክ ቀርጸው ቢያመጡ፣ ቀኑንና ሰዓቱንም በደብተር ቢይዙ፣ ሐኪሙ ከቃል ታሪክ የማያገኘውን ብዙ ነገር ያይበታል።